የመበለቷ ንግድና የየቲሞች አማና



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አንባብያን፣ ስለ የቲም በምንነጋገርበት ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሕፃኑ ብቻ ነው። ስለ ልብሱ፣ ስለ ደብተሩና ስለ ወር ቀለቡ እንጨነቃለን። ሕፃኑን አጉርሳና አልብሳ የምታሳድገው ግን እናቱ ናት። በኑኑ ቁምባም ሆነ በነቀምቴ፣ በሌሎችም የወለጋ ከተሞች፣ ባሏ የሞተባት እናት ብዙ ጊዜ የምትይዘው መተዳደሪያ ንግድ ነው። አንዷ እህል ትቸረችራለች፤ ሌላዋ ቅቤና ቡና ይዛ ገበያ ትወጣለች፤ ጥቂት አቅም ያላት ወይም ከባሏ ሱቅ የተረፈላት ደግሞ በተለምዶ ቡቲክ የምንለውን አነስተኛ የልብስ ሱቅ ትይዛለች። በቅርብ ዓመታት በወለጋ በደረሰው ግጭትና መፈናቀል ብዙ ቤተሰቦች አሳዳጊያቸውን ስላጡ፣ ይህ ጉዳይ ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ አሳሳቢ ሆኗል።

በዚህ ትምህርት ሦስት ጥያቄዎችን እንመረምራለን። አንደኛ፣ አባት ሲሞት ከኋላው የሚቀረው ሱቅ የማን ነው? ሁለተኛ፣ ከሱቁ ሊበላ የሚገባው የትኛው ገንዘብ ነው? ሦስተኛ፣ ሱቁ እንዳይዘጋ እኛ ምን ልናደርግ ይገባናል? መልሱን የምናገኘው በቀደመው ዘመን ከነበሩ ባለንግድ ሴቶች ሕይወትና ሸሪዓችን ስለ የቲም ገንዘብ ካስቀመጠው ሥርዓት ነው።

፩. የመበለት ሀብትና የየቲም ታማኝነት

ከባለንግድ ሴቶች ሁሉ በመጀመሪያ የምትነሳው የምእመናን እናት ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ (ረ.ዐ.) ናት። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በፊት ሁለት ጊዜ አግብታ የነበረች፣ ከቀደሙት ባሎቿም ልጆች የወለደች፣ በመካ ከቁረይሽ ነጋዴዎች መካከል በሀብቷና በጨዋነቷ የታወቀች መበለት ነበረች። የቁረይሽ ንግድ በክረምትና በበጋ ጉዞ የተመሠረተ መሆኑን በሱረቱ ቁረይሽ እናነባለን፤ በአንደኛው ወቅት ወደ የመን፣ በሌላው ወደ ሻም ይጓዙ ነበር። ኸዲጃ ግን ከግመሎቹ ጋር አትሄድም ነበር። ዕቃዋንና ገንዘቧን ለሚነግዱላት ሰዎች ታስረክባለች፤ ሰዎቹም ሸጠውና ገዝተው ሲመለሱ ትርፉን በስምምነታቸው መሠረት ይካፈላሉ። ይህ በፊቅህ ሙዷረባ የሚባለው የሽርክና ዓይነት ነው።

የሲራራ ንግድ ለወለጋ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በሞረዳ በከሬና በልጃቸው በኩምሳ ሞረዳ ዘመን ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማርና ቡና በነቀምቴ በኩል ያልፍ ነበር። ከሩቅ አገር የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎችም ከዚህ ገበያ ጋር የጠበቀ ግንኙነት ነበራቸው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያስረክብ ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ታማኝነት ነው። ዕቃው ከዓይን ከራቀ በኋላ የነጋዴው መቆጣጠሪያ አላህን መፍራቱ ብቻ ነውና።

ኸዲጃ ይህን ታማኝነት ያገኘችው የት ነበር? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ነው። በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ ያሳደጓቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ብዙ ልጆች ያሏቸው፣ ሀብት የሌላቸው ሰው ነበሩ። ወጣቱ የቲም ለንግድ የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው «አል-አሚን» ያሰኛቸው ታማኝነት ነው። ኸዲጃም ይህንን ሰምታ ለሌሎች ከምትሰጠው የበለጠ ልትከፍላቸው ተስማማች፤ ከአገልጋይዋ ከመይሰራህ ጋርም ወደ ሻም ላከቻቸው። ንግዱ ከተለመደው በላይ አተረፈ፤ መይሰራህም በመንገድ ያየውን መልካም ጠባይ ነገራት። ጋብቻቸው የተፈጸመው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ595 ገደማ ነው።

በሱረቱ አድ-ዱሓ ከአንቀጽ 6 እስከ 8 አላህ (ሱ.ወ.) ለነቢዩ የቲም ሳሉ እንዳስጠጋቸው፣ ችግረኛ ሳሉም እንዳብቃቃቸው ያስታውሳቸዋል። ከሙፈሲሮች ብዙዎች መብቃቃቱ በኸዲጃ ሀብት በኩል እንደመጣ ያስረዳሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። የመበለት ንግድ ለየቲም መቆሚያ ሆኗል፤ የየቲም ታማኝነትም የመበለቷን ንግድ አበርክቷል። ቤቱም ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ተከፈተ። ከቀድሞ ባሏ የወለደችው ሂንድ ኢብኑ አቢ ሃላህ በነቢዩ ቤት አደገ፤ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣህና ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብም በዚያው ቤት ነበሩ። ኸዲጃ ከሂጅራ ሦስት ዓመት ገደማ ቀደም ብላ እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ ሀብቷ ለኢስላም ጥሪ ውሏል።

፪. ሱቁ የማን ነው?

ከኸዲጃ ታሪክ ቀጥሎ ልናየው የሚገባው፣ ሀብቱ ከእጇ ሊወጣ የነበረውን የሌላዋን መበለት ታሪክ ነው። ሰዕድ ኢብኑ አር-ረቢዕ (ረ.ዐ.) በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ። ቲርሚዚይና አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ እንደተገለጸው፣ ባለቤታቸው ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። አጎታቸው ገንዘቡን በሙሉ እንደወሰደና ለልጆቹ ምንም እንዳላስቀረ፣ ገንዘብ ከሌላቸውም የሚያገባቸው እንደማይኖር አመለከተች። ነቢዩም አላህ ፍርዱን እስኪሰጥ እንድትጠብቅ ነገሯት፤ የውርስ አንቀጽም ወረደ። ከዚያም አጎትየውን አስጠርተው ሁለት ሦስተኛውን ለሴቶች ልጆች፣ አንድ ስምንተኛውን ለእናታቸው እንዲሰጥ፣ የተረፈው ለእርሱ እንደሚሆን አዘዙ።

ይህች ሴት ዝም ብትል ኖሮ ልጆቿ ባዶ እጃቸውን በቀሩ ነበር። አቤቱታዋ የእርሷን ልጆች መብት አስከብሯል፤ እስከ ዛሬም ለኡማው ሕግ ሆኖ ይሠራበታል።

ይህን በእኛ አካባቢ ሁኔታ እንመልከተው። አንድ ባለሱቅ ሚስትና ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አንድም ወንድም ትቶ ሞተ እንበል፤ እናቱና አባቱም በሕይወት የሉም። በመጀመሪያ የመቀበሪያ ወጪና ዕዳ ይከፈላል፤ ያልተከፈለ መህር ካለም ከዕዳው ይቆጠራል። ሚስቲቱ በራሷ ገንዘብ ወይም ጉልበት በሱቁ ያላት ድርሻም የእርሷ ንብረት እንጂ ውርስ ስላልሆነ አስቀድሞ ይለያል። ኑዛዜ ካለ እስከ ሲሶ ድረስ ይፈጸማል። ከዚህ ሁሉ በኋላ 240,000 ብር ቢቀር፣ ለሁለቱ ልጆች 160,000፣ ለሚስቲቱ 30,000፣ ለወንድሙ 50,000 ብር ይደርሳል። ሟቹ የተወው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለሚስቲቱ ያው 30,000፣ ለወንዱ 140,000፣ ለሴቷ 70,000 ብር ይደርሳል፤ ለሟቹ ወንድም ግን ምንም አይደርሰውም።

ይህ ስሌት ሳይሠራ የሚከፈት ሱቅ ሁለት አደጋ ያንዣብብበታል። በአንድ በኩል ዘመድ ተነስቶ «የወንድሜ ሱቅ ነው» ብሎ ቁልፉን ሊቀበላት ይችላል። በሌላ በኩል እናቲቱ ራሷ ሁሉም የእርሷ እየመሰላት የልጆቿን ድርሻ ሳታውቅ ልትጨርሰው ትችላለች። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 10 የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ ተገልጿል። ይህ ማስጠንቀቂያ ለአጎትም፣ ለአያትም፣ ለእናትም የሚሠራ ነው።

ስለዚህ ከሐዘኑ በኋላ ቀዳሚው ተግባር የሱቁን ዕቃ መቁጠር፣ ዕዳውንና ተሰብሳቢውን መዝግቦ መያዝ፣ ዑለማእና ታማኝ ሽማግሌዎች ባሉበት ድርሻውን ማሳወቅ ነው። ማሳወቅ ማለት ሱቁን አፍርሶ ዕቃውን መካፈል ማለት አይደለም። ወራሾች ከተስማሙ ሱቁ ሳይነካ የእያንዳንዱ ድርሻ በወረቀት ላይ ብቻ ሊሰፍር ይችላል። ስምምነት ከጠፋም ወደ ፍርድ መሄድ ነውር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ በዚሁ መሠረት ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል።

፫. የሚበላው የትኛው ነው?

በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 5 አላህ (ሱ.ወ.) ገንዘብ ማስተዳደር ለማይችሉ ሰዎች ንብረት እንዳይሰጣቸው፣ ይልቁንም እንዲመገቡና እንዲለብሱ፣ መልካም ንግግርም እንዲነገራቸው ያዛል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሙፈሲሮች የተመለከቱት አንድ ረቂቅ ነጥብ አለ። በዐረብኛው ቋንቋ ሲሳያቸው የተገለጸው «ሚንሃ» (ከእርሷ) በሚለው ቃል ሳይሆን «ፊሃ» (በእርሷ ውስጥ) በሚለው ነው። ዘመኽሸሪይና ራዚይን የመሰሉ ሊቃውንት እንዳብራሩት፣ ይህ አገላለጽ ገንዘቡ እንዲነገድበትና ሲሳያቸው ከትርፉ እንዲሆን፣ ዋናው ግን በቀለብ እየተቆረሰ እንዳያልቅ ያመለክታል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንዲት እናት 36,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ያለበት ቡቲክ አላት እንበል። በወር 20,000 ብር ትሸጣለች። ከዚህ ውስጥ 14,000 ብር ዕቃው የተገዛበት ነው፤ 2,000 ብር ለቤት ኪራይ፣ 1,000 ብር ለማጓጓዣ ይወጣል። ትርፉ እንግዲህ 3,000 ብር ነው። እናቲቱ ግን በእጇ የገባው 20,000 ብር ስለሆነ፣ ለቤቷ በወር 4,500 ብር ብታወጣ ብዙ ያጠፋች አይመስላትም። እውነታው ግን በየወሩ 1,500 ብር ከዋናው እየበላች መሆኗ ነው። በዚህ አካሄድ 36,000 ብሩ በ24 ወራት ያልቃል። ዕቃው ባነሰ ቁጥር ሽያጩም ትርፉም ስለሚቀንስ ደግሞ ከሁለት ዓመት ቀድሞ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ይህች ሴት አባካኝ አይደለችም፤ ለልጆቿ ዳቦ የገዛች እናት ናት። የጎደላት ዋናና ትርፍን የሚለይ መዝገብና እስክትደራጅ ድረስ የሚደግፋት ወገን ነው።

የዚህ ሥርዓት ተግባራዊ ምሳሌ የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ናት። ወንድሟ ሙሐመድ ኢብኑ አቢበክር በ38ኛው ዓመተ ሂጅራ በግብፅ ሲገደል፣ ልጁ ቃሲም በእርሷ እንክብካቤ ሥር አደገ። ዓኢሻም ያኔ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሞት በኋላ በመበለትነት የምትኖር ነበረች። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት፣ በቤቷ ያሉትን የቲሞች ገንዘብ ለሚነግዱላቸው ሰዎች ትሰጥ ነበር፤ ዘካውንም ከገንዘባቸው ታወጣ ነበር። በዚሁ ኪታብ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የየቲሞችን ገንዘብ ዘካ እንዳይጨርሰው እንዲነገድበት ማዘዛቸው ተዘግቧል። ያ ቃሲም የተባለው የቲም ከጊዜ በኋላ «ሰባቱ የመዲና ፉቀሃእ» ከሚባሉት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሆኗል። አክስቱ ገንዘቡን ጠበቀችለት፤ ዕውቀቷንም አወረሰችው።

የየቲም ገንዘብ ዘካ ይወጣበት እንደሆነ መዝሀቦች ይለያያሉ። በማሊኪያ፣ በሻፊዒያና በሐንበሊያ ዘንድ ሞግዚቱ ከልጁ ገንዘብ ላይ ያወጣል፤ በሐነፊያ ዘንድ ከእርሻ ምርት በስተቀር በሕፃን ገንዘብ ላይ ግዴታ አይደለም። ሁሉም በሚስማሙበት የእናቲቱ የራሷ ንግድ ግን ኒሷብ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ የጨረቃ ዓመት ከሞላው፣ ከመቶ ሁለት ከግማሽ ይወጣበታል። ዝርዝሩን በአካባቢው ካሉ ዑለማእ መጠየቅ ይገባል።

ሞግዚት የሆነው ሰው ስለ ድካሙ ምን ይውሰድ? አንቀጽ 6 ሀብታም ከሆነ እንዲታቀብ፣ ድኻ ከሆነ በአግባቡ እንዲመገብ ፈቅዷል። ልጆቹም ለአካለ መጠን ሲደርሱና ብልህነታቸው ሲታይ ገንዘባቸው በምስክር ፊት ይመለስላቸዋል። ከዚያ በፊት እንዲፈተኑ መታዘዙን ልብ እንበል። በሱቅ ውስጥ ይህ ትእዛዝ በቀላሉ ይፈጸማል። የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ከትምህርት መልስ ዕቃ እንዲቆጥር፣ ዋጋ እንዲጽፍ፣ ሒሳብ እንዲያመሳክር ቢደረግ፣ ነገ የሚረከበውን አማና ዛሬ ይማራል። ትምህርቱን አስትቶ ከባንኮኒ ጀርባ ማዋል ግን ሌላ በደል ነው።

፬. ዱቤና መዝገብ

ሱቅ ከሚዘጋባቸው ምክንያቶች አንዱ ዱቤ ነው። በዚህ ረገድ በዑመር (ረ.ዐ.) የኺላፋ ዘመን በመዲና ሽቶ ትሸጥ የነበረችው የአስማእ ቢንት ሙኸሪባህ ወሬ ትምህርት ይሰጠናል። ልጇ ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓህ ከየመን ሽቶ ይልክላት ነበር። የመዲና ሴቶች ወደ እርሷ ይመጡና ጠርሙሶቻቸውን ያስሞላሉ፤ ሽያጩም ለሰዎች ዓመታዊ ድርጎ እስከሚከፈልበት ቀን በዱቤ ነበር። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ እንደተረከችው፣ አስማእ ሽቶውን መዝና ከሞላችላቸው በኋላ በእያንዳንዷ ላይ ያለውን ዕዳ እንዲጻፍላት ትጠይቅ ነበር። በዚያ ቀን በሁለቱ መካከል ስለ በድር ዘመቻ ቁርሾ ተነሳና ሻጯ ዳግመኛ እንደማትሸጥላት፣ ገዢዋም ዳግመኛ እንደማትገዛት ማሉ። ሩበይዕ ሽቶው ሽቶ አይደለም እስከማለት ደረሰች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን ከዚያ የተሻለ ሽቶ አሽትታ እንደማታውቅ፣ ያን የተናገረችው ተቆጥታ እንደነበር ለልጇ አውግታለች።

ከዚህ ትረካ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መዝኖ መስጠትና ዕዳን መጻፍ በዚያን ዘመን ሴቶች ንግድ ውስጥ የተለመደ መሆኑ ነው። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ በርዝመቱ የሚታወቀው አንቀጽ፣ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት ያዛል። ሁለተኛው፣ የቆየ ቂም ወደ ሱቅ ሲገባ ደንበኛን እንደሚያሳጣ ነው። በወለጋ ከተሞች የሙስሊሟ ደንበኛ ሙስሊም ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያን ጎረቤቷም ለበዓል ልብስ የሚመጣው ወደ እርሷ ነው። መልካም ፊትና ትክክለኛ ዋጋ ለሁሉም እኩል ሊሆን ይገባል።

የመዲና ሴቶች ድርጎ እስኪወጣ በዱቤ እንደወሰዱ ሁሉ፣ በእኛም አገር ገበሬው «ቡና ስሸጥ እከፍላለሁ»፣ ሠራተኛው «ደመወዝ ሲወጣ» ይላል። ይህን ፈጽሞ መከልከል በትንሽ ከተማ አይቻልም። ነገር ግን ስሙ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የገንዘቡ ልክና የሚከፈልበት ቀን በደብተር ይጻፍ፤ ገዢውም ይፈርምበት። በተለይ «እህቴ፣ ለእኔ ደግሞ ትጽፊያለሽ ወይ?» የሚለው ዘመድ ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ። ለመጻፍ የምታፍር እናት «ገንዘቡ የየቲም ነው፤ ሳልጽፍ መስጠት አልተፈቀደልኝም» ብላ ብትመልስ እውነቷን ነው፤ ቅር የሚሰኝባትም ሊኖር አይገባም።

፭. ዒዳ፣ የእጅ ሥራና ሶደቃ

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሌላው ጥያቄ ባሏ የሞተባት ሴት በዒዳዋ ጊዜ ሱቋን መክፈት ትችላለች ወይ የሚል ነው። እርጉዝ ካልሆነች ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ይቆያል። በዚህ ጊዜ በቤቷ ማደርና ከጌጥ መታቀብ ይጠበቅባታል። የአራቱ መዝሀብ ሊቃውንት ግን ለአስፈላጊ ጉዳይ ቀን ወጥታ እንድትመለስ ፈቅደዋል፤ መተዳደሪያን መፈለግም ከአስፈላጊ ጉዳዮች የሚቆጠር ነው። ቢሆንም ዘመድ ወይም ጎረቤት በእነዚህ ወራት ሱቁን በአማና ይዞላት ሒሳቡን ቢያስረክባት ታላቅ ውለታ ነው። አራት ወር የተዘጋ ሱቅ ደንበኛውን ያጣል፤ ኪራዩ ግን መቆጠሩን አይተውም።

ለሱቅ የሚሆን ገንዘብ የሌላት ደግሞ በእጇ ሥራ ልትጀምር ትችላለች። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ቆዳ ትፍቅና ትሰፋ ነበር፤ ከእጇ ሥራ ያገኘችውንም ሶደቃ ታደርገው ነበር። በዑመር ዘመን 12,000 ዲርሀም ድርጎ ሲላክላት በጨርቅ ሸፍና፣ በጭብጥ በጭብጥ እያስወጣች ለዘመዶቿና ለየቲሞች አከፋፍላዋለች። በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትሞት ዓኢሻ የየቲሞችና የመበለቶች መጠጊያ እንደነበረች መስክራላታለች። ራሷ መበለት ሆና ለመበለቶች መጠጊያ መሆኗ ልብ የሚነካ ነው። የምትረዳ ሴት ዘወትር ተረጂ ሆና እንደማትቀርም ያስገነዝበናል።

እናት ለራሷ ልጆች የምታወጣው ወጪም ከሶደቃ አይጎድልም። ኡሙ ሰለማህ (ረ.ዐ.) ከሟቹ ባሏ ከአቡ ሰለማህ ለወለደቻቸው ልጆች ብታወጣ ምንዳ ታገኝ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቃ፣ ባወጣችው መጠን ምንዳ እንዳላት እንደነገሯት በቡኻሪ ተዘግቧል።

፮. እኛስ ምን እናድርግ?

የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች ከዚህ ትምህርት ልንይዛቸው የሚገቡ ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ለእናቲቱ መነገጃ ስንሰጥ የልጆቹን ወርሃዊ ቀለብ በማግስቱ አናቋርጥ። ከላይ በቁጥር እንዳየነው አዲስ ሱቅ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቤተሰብ አይመግብም። ቀለቡ ከተቋረጠ ልጆቹ የሚመገቡት ከዋናው ይሆናል፤ በዓመቱም ሱቁም ቀለቡም አይኖሩም፤ የረጂው ገንዘብም ከንቱ ይቀራል። ቀለቡ መቀነስ ያለበት መዝገቡ ታይቶ፣ ትርፉ ቤቱን መቻሉ ሲረጋገጥ ቀስ በቀስ ነው።

ለ/ ገንዘቡ በምን ውል እንደተሰጠ በግልጽ ይነገር። ሶደቃ ከሆነ አይመለስም። ቀርዱል ሐሰን ከሆነ ያለ ጭማሪ ይመለሳል፤ ከተቸገረች ጊዜ ይሰጣታል። ሙዷረባ ከሆነ ትርፉ በስምምነት ይከፈላል፤ ያለ ጥፋቷ ለደረሰ ኪሳራ ግን ተጠያቂው ባለገንዘቡ ነው። ብድር ብሎ ሰጥቶ ትርፍ መጠየቅ አይፈቀድም፤ በሙዷረባ ሰጥቶ «ዋናዬን በማንኛውም ሁኔታ መልሺ» ማለትም እንዲሁ።

ሐ/ እናቶችን ከወለድ እንጠብቅ። የታመኑ ሴቶች የሚሰበሰቡበት እቁብ ለብዙ ነጋዴዎች ያለ ወለድ ዕቃ ማስገቢያ ሆኖ ኖሯል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም በአገራችን ዘምዘምና ሒጅራን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል።

መ/ ሒሳብ የሚያውቁ ወጣቶቻችን ዕውቀታቸውን ሶደቃ ያድርጉ። በወር አንድ ቀን ከአንዲት እናት ጋር ተቀምጦ የገባውን፣ የወጣውን፣ በዱቤ ያለውን መዝግቦ መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። የምታነብ ከሆነ ራሷ እንድትይዘው ማስተማር ይበልጣል።

ሠ/ ልብስ ስንገዛ ከእርሷ እንግዛ፤ ዋጋውንም በጊዜው እንክፈል። ለዒድና ለትምህርት መክፈቻ የሚለበስ ልብስ ከመበለት ሱቅ መግዛት ክብሯን ሳይነካ የሚደረግ ድጋፍ ነው። የወሰድነውን ዱቤ ማዘግየት ግን የየቲምን ገንዘብ ይዞ መቆየት መሆኑን እንወቅ።

ማጠቃለያ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለመበለትና ለችግረኛ የሚተጋን ሰው ምንዳ በአላህ መንገድ ከሚታገል ሰው ምንዳ ጋር አመሳስለውታል፤ የቲምን የሚያሳድግም በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች የተቀራረበ እንደሚሆን አብሥረዋል። ሁለቱ ብሥራቶች በአንድ ቤት ውስጥ የሚገናኙት እናቲቱ ከልጆቿ ጋር ስትደገፍ ነው። ድርሻው የታወቀ፣ ዋናው ከትርፉ የተለየ፣ ዱቤው የተጻፈ ሱቅ ለየቲሞች የማያቋርጥ ሲሳይ ነው። ይህ ሳይሆን የቀረ ሱቅ ግን እናቲቱ ምንም ያህል ብትደክም የልጆቿን ውርስ ይዞ ይዘጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ አባት ሲሞት ንብረቱ የሚቆጠረውና ድርሻው የሚታወቀው መቼ ነው? የሚዘገይ ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው?

2. በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 5 «በእርሷ ውስጥ» የሚለው ቃል «ከእርሷ» ከሚለው በምን ይለያል? በሱቅ ሥራ ላይ እንዴት ይፈጸማል?

3. አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ ዕዳ ተከፍሎ የቀረው 400,000 ብር እንዴት ይከፋፈላል?

4. ከእናንተ መካከል ከመበለት ሱቅ የዱቤ ዕዳ ያለበት አለን? መቼ ይከፍላል?

አላህ (ሱ.ወ.) ባሎቻቸውን ላጡ እናቶቻችንና እህቶቻችን ትዕግሥትን፣ በንግዳቸውም በረካን ይስጥ። የቲሞቻችንን በኢማንና በዕውቀት ያሳድግልን። በእጃችን ያለውን አማና በመልካም የምናስረክብ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።